ሽለላ በሳክስፎን

የጌታቸው መኩሪያ የሳክስፎን አጨዋወት መሠረቱ ሽለላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 በይፋት የተወለደው ጌታቸው በልጅነቱ ክራርና ማሲንቆ ይጫወት ነበር። በ1949 የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ አባል ሆነ፤ በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተዛወረ። በአንደበት የሚባለውን ሽለላ በሳክስፎን ማሰማት የጀመረው ገና በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው።

ሽለላና ፉከራ በምዕራብ ጎጃም የሰርግ ወግ ናቸው። በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለ ገጠር፣ ጠላው ተደጋግሞ ጨዋታው ሲሞቅ አንዱ «ዘራፍ!» ብሎ ዱላውን እንደያዘ መሐል ይገባል። ሰው ሸሸት ብሎ ሜዳውን ይለቅለታል። ፎካሪው ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ የአባቶቹን ጀብዱ ትንፋሹ እስኪያልቅ ያወርደዋል፤ አየር ሊስብ ቆም ሲል ሴቶቹ በእልልታ ይቀበሉታል። በ1941 የጣሊያን ጦር ቡሬን ለቆ ሲሸሽ ባየ አገር የሚጠራ ጀብዱ አይጠፋም። ሽለላውን የሚለካው ግን የሸላዩ ትንፋሽ እንጂ የከበሮ ምት አይደለም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። ትልቅ ኦርኬስትራ በኖታ ይመራል፤ ብቻውን የሚጫወተውም ተራውን ቆጥሮ ገብቶ ቆጥሮ ይወጣል። ሽለላ እንዲህ ያለውን ቁጥር አይወድም። የፊሊፕስ ኩባንያ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያሳተመው የጌታቸው ሸክላ መላውን ያገኘው በጥቂት አጃቢዎች ነው። ኦርጋኑ፣ ቤዙና ድራሙ አጭር ሐረግ እየደጋገሙ ከሥር ይቆያሉ፤ ሳክስፎኑ ምቱን ቀድሞ ይሄዳል፣ ይዘገያል፣ አንዱን ድምፅ ይዞ ያንቀጠቅጠዋል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ይሰብረዋል።

በአሜሪካ የስዊንግ ዘመን ሳክስፎን ተጫዋቹ ኮልማን ሃውኪንስም በ1939 «ቦዲ ኤንድ ሶል»ን ሲቀዳ፣ የታወቀውን ዜማ ገና ከመነሻው ትቶ ሦስቱን ደቂቃ በራሱ ፈጠራ ሞልቶታል፤ አጃቢዎቹም ለስለስ ብለው መንገድ ለቀውለታል። ሰፊና ነዛሪ ድምፃቸው ሁለቱን ያቀራርባቸዋል። ሃውኪንስ ግን የሚራመደው የኮርዶቹን ለውጥ ተከትሎ ሲሆን፣ ጌታቸው በአምስት ድምፅ ቅኝት ውስጥ ይመላለሳል። የውጭ አገር ሐያሲዎች ኋላ ከነኦርኔት ኮልማን ፍሪ ጃዝ ጋር ቢያመሳስሉትም፣ እሱ ወደዚያ የደረሰው በሽለላ በኩል ነው።

ሥራዎቹን ፈረንሳዊው የሙዚቃ አሳታሚ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ2003 በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አልበሞች 14ኛ ቅጽ እንደገና አሳተማቸው። የፓሪሱ አካለ ውቤ ባንድ ስሙን የወሰደው ጌታቸው ከተጫወተው ዜማ ነው። ከሆላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ ጋርም በ2006 «ሞአ አንበሳ»ን፣ በ2012 «የአንበሳው ትዝታ»ን ቀዳ። ከሰባ ዓመቱ በኋላም በአውሮፓ መድረክ ለምድ ደርቦ፣ ጎፈር ደፍቶ ይሸልል ነበር። በ2016 በ81 ዓመቱ አረፈ።