ፎቶው ቤትሽን ይናገራል፤ ገበያ ግን አይጠራልሽም!



መቼም አዲስ አበባ ውስጥ አድራሻ ማለት ወሬ ማለት ነው። «ማደያውን አልፈህ፣ ሁለተኛው ቅያስ ገባ ብለህ ሰማያዊ በር ታያለህ፤ እዚያ ስትደርስ ደውልልኝ!» ይባላል እንጂ የቤት ቁጥር ቆጥሮ የሚሄድ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ጎዳናው ስም አለው፤ ግን ማን ይጠራዋል? ሰዉ የሚያውቀው ቤተክርስቲያኑን፣ መስጊዱን፣ ማደያውን ነው። አንዳንዴም ከፈረሰ ዓመት ያለፈውን ሕንፃ!

ለዚህች ከተማ ታዲያ አንድ መድኃኒት ተገኘላት እየተባለ ነው። ስሙ «ጂኦታግ» ነው። ፀጉር ቤት፣ ኬክ ቤት፣ የሞባይል ጥገና ወይም ጂም ካላችሁ አንድ ቀን እንዲህ የሚል ልጅ ይመጣላችኋል፦ «የሱቃችሁን ፎቶ ስጡኝ፤ ፎቶው ውስጥ የቦታ ቁጥር እከትበታለሁ። ከዚያ በኋላ ሰው ጉግል ላይ ‹አቅራቢያዬ ያለ ፀጉር ቤት› ብሎ ሲፈልግ ከሁሉ በላይ ቁጭ ትላላችሁ!» በነጻ እንዳይመስላችሁ።

ነገሩ እውነት ከሆነ ደግ። ውሸት ከሆነ ግን የሚባክነው የወጣት ገንዘብ ነው። ገንዘብ ብቻ ቢሆንማ ምን ነበረበት… እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። እናም ስልኬን ሞልቼ ከተማዋን ዞርኩ። መንገዴ ከፒያሳ መርካቶ፣ ከመርካቶ ቦሌ፣ ከቦሌ ጀሞ ነበር። ተከተሉኝ።

ፒያሳ፦ ሰውዬው ሄዷል፣ ካርታው ቀርቷል

ጊዮርጊስ ቤተክርስቲያን አጠገብ ቆሜ አንድ ፎቶ አነሳሁ። ከዚያ ፎቶውን ከፍቼ ወደ ላይ ገፋ ሳደርገው ካርታ ብቅ አለ። ቁጥሩ ከሰሜን 9 ነጥብ 03፣ ከምሥራቅ 38 ነጥብ 75 ይጀምራል።

ይህን ቁጥር ማን ጻፈው? ስልኩ ራሱ ነው። ከምድር 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚዞሩት የጂፒኤስ ሳተላይቶች ምልክት ይልካሉ፤ ስልኩ ተቀብሎ ያለበትን ቦታ ያሰላል። ፎቶ ስናነሳ ቦታውን ከቀኑ፣ ከሰዓቱና ከስልኩ ዓይነት ጋር ፎቶው ሆድ ውስጥ ይጽፈዋል። ጽሑፉ የሚቀመጥበት ሥርዓት «ኤግዚፍ» ይባላል፤ ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጡት ነው። ከነጥቡ በኋላ 2 አሃዝ ብቻ ቢኖር ቦታውን በ1 ኪሎ ሜትር ግድም ያሳውቃል። 4 አሃዝ ከሆነ ግን በ11 ሜትር ግድም! ስልካችሁ ደግሞ አሃዝ አይሰስትም።

ፒያሳን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ዶሮ ማነቂያና በዙሪያው የነበሩ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። እዚያ አካባቢ ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ አንድ ጋሼ አሉ። ዛሬ ሌላ ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው ይሠራሉ። ደንበኞቻቸው ጉግልን ተከትለው የሚሄዱት ግን ወደ ድሮው ቦታ ነው። ደርሰው ሰፊ የእግረኛ መንገድና ሣር ያያሉ፤ ሱቅ የለም!

«ልጄ፣ ካርታው ላይ አሁንም እዚያው ነኝ አሉ» አሉኝ እየሳቁ። «እኔ ለቅቄያለሁ፤ እሱ አልለቅ አለ።»

እኚህን ሰው ነው እንግዲህ አንዱ ጂኦታግ ሻጭ «ፎቶዎን አዘምንልዎታለሁ» ብሎ ክፍያ የጠየቃቸው። ኧረ ለመሆኑ የሳቸው ችግር ፎቶ ነው እንዴ? ችግራቸው ካርታው ላይ የተተከለችው ምልክት ናት! ምልክቷን ወደ አዲሱ ቦታ ማዛወር ደግሞ ገንዘብ አያስከፍልም። አዲስ ገጽ መክፈትም አያስፈልግም፤ የድሮውን አድራሻ ማስተካከል ነው። ያኔ ደንበኛ ለዓመታት የጻፈላቸው ምስጋናም አብሯቸው ይዛወራል። ሌላ ገጽ ቢከፍቱ ግን ከዜሮ ሊጀምሩ ነው።

መርካቶ፦ ጉግል ማለት ደላላ ነው

ከፒያሳ ቁልቁል ወደ መርካቶ ወረድኩ። መርካቶን እዩልኝማ! ሸማ ተራ፣ ሚሊተሪ ተራ፣ ሳጠራ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ምናለሽ ተራ… ዕቃው በዓይነት በዓይነቱ ተሰልፎ እየጠበቀ ነው። ያም ሆኖ እንግዳ ሰው ብቻውን አይወጣውም፤ ደላላ ያስፈልገዋል።

አራዳ የሆነ ደላላ ምን ያደርጋል? በመጀመሪያ «ምንድነው የምትፈልገው?» ይላችኋል። ብርድ ልብስ ፈላጊን በርበሬ ተራ አይወስድም። ሁለተኛ፣ ቅርብ ካለ ከቅርብ ይጀምራል። ሦስተኛ፣ ስሙ የታወቀውንና ሰው የሚያመሰግነውን ነጋዴ ያስቀድማል። አበቃ!

ጉግልም ከዚህ የተለየ ነገር የለውም። የአካባቢ ፍለጋ ውጤትን በምን እንደሚያሰልፍ ራሱ በይፋ ጽፏል፤ ሦስት ነገር ነው። የሚፈለገውና የምትሸጡት መገጣጠሙ፣ ርቀቱ፣ ታዋቂነታችሁ። ርቀቱም ፈላጊው ከቆመበት እስከ ንግድ ቤታችሁ ነው። መገናኛ የቆመ ሰው «አቅራቢያዬ» ብሎ ሲፈልግ እናንተ መርካቶ ውስጥ ሺህ ፎቶ ብታነሱ እግሩን አታሳጥሩለትም። ፎቶ ሆድ ውስጥ ያለ ቁጥር ከሦስቱ አንዱ ተብሎ አልተጻፈም።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። መርካቶ ውስጥ፣ ከቆርቆሮና ከኮንክሪት ሥር የሳተላይቱ ምልክት ይደክማል። ስልኩ በዋይፋይና በኔትዎርክ ማማ እየገመተ ይሞላዋል። ስለዚህ አንደኛ ፎቅ ያነሳችሁት ፎቶ ከመንገድ ማዶ ነኝ ሊል ይችላል። በዚህ ቁጥር ነው ሱቅ ሊገኝ?

ቦሌ፦ «በሴኮንድ ላሊበላ አደርግልሃለሁ»

ቦሌ አንድ ካፌ ውስጥ ጂኦታግ ከሚሸጡት አንዱን አገኘሁት። ጨዋ ልጅ ነው፤ ላፕቶፑን ከፍቶ ሥራውን አሳየኝ። የአንዲት ፀጉር ቤት ፎቶ አስገባ፣ ቁጥር ጻፈ፣ «ሴቭ» አለ፤ አለቀ።

«ፎቶው የተነሳው ሌላ ቦታ ቢሆንስ?» አልኩት።

«ችግር የለውም ብሮ፣ የፈለግከውን ቁጥር ነው የምትጽፈው። ከፈለግክ በሴኮንድ ላሊበላ አደርግልሃለሁ።»

አያችሁ? መልሱን ራሱ ሰጠኝ። ማንም ተነስቶ በነጻ ሶፍትዌር የፈለገውን የሚጽፍበት ቁጥር ለየትኛው ደላላ ማስረጃ ይሆናል? መታወቂያችሁን እርሳስ ይዛችሁ እንደ መጻፍ ነው! ይኸንኑ ስለው ትንሽ ዝም አለና «እኔም ከፍዬ ነው የተማርኩት» አለኝ። አሳዘነኝ። የሸጡለትን ነው የሚሸጠው።

በዚያ ላይ ብዙዎቹ የማኅበራዊ መገናኛ አውታሮች ቁጥሩን እንኳን ለፍለጋ ሊጠቀሙበት ለተመልካችም አያሳልፉትም። ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ የተለጠፈ ፎቶ ለሰው ሲታይ ቁጥሩ ተራግፎ ነው። ቴሌግራምና ዋትሳፕም በፎቶነት ሲላክ ያራግፉታል።

«በፎቶነት» ያልኩትን ቃል ያዙልኝ። ጀሞ ላይ ትፈለጋለች።

ጀሞ፦ «ቤቴን ማን ነገረው?»

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከታናሽ እህቷ ጋር የምትኖር አንዲት ልጅ አለች። ኬክ ትጋግራለች። ሱቅ የላትም፤ ኬኩ ከወጥ ቤቷ ወጥቶ በሞተር ደንበኛው ቤት ይደርሳል። አድራሻዋን ለማንም አትናገርም፤ «ጀሞ አካባቢ ነኝ» ብቻ ነው የምትለው። ብልህ ልጅ ናት።

አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ነኝ ባይ ቴሌግራም ላይ ጻፈላት። «የሠራሽውን ኬክ ልየው፤ ግን ጥራቱ እንዳይቀንስ በፋይል ላኪልኝ።» ምን አለበት? ላከች። ወጥ ቤቷ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ያነሳችው ፎቶ ነበር።

ቴሌግራም ላይ ፎቶ በፋይል ሲላክ ምንም አይነካም። ጥራቱም አይቀንስም፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ቁጥርም አይራገፍም!

«በሦስተኛው ቀን ከሥራ… ማለቴ ዱቄት ገዝቼ ስመለስ ብሎኩ ደረጃ ላይ ቆሞ አገኘሁት» አለችኝ። «‹ይኸው ነው አይደል ብሎክሽ? ስንተኛ ፎቅ ነሽ?› አለኝ። እግሬ ከዳኝ። ዘበኛውን ጠርቼ ነው ያስሄድኩት። ማታ እንቅልፍ የለም። ቤቴን ማን ነገረው? ኬክ የሚያደርስልኝን የሞተር ልጅ ጠረጠርኩ፤ ክፉ ቃል ተናገርኩት፤ ተቀይሞኝ ሄደ።»

ምሥጢሩን የፈታላት ስልክ የሚጠግን ጎረቤቷ ነው። የላከችውን ፋይል ሲከፍተው ካርታው በቀጥታ ብሎኳ ላይ አረፈ። ቁጥሩ ፎቁን በደንብ ባይለይም ብሎኩን አሳምሮ ለይቷል። ለሁለት ወር መጋገር አቁማ ነበር። የሞተሩን ልጅ ይቅርታ ብትለውም ወዳጅነታቸው እንደ ድሮው አልሆነም።

ይህ የደረሰው በሷ ብቻ አይደለም። የጸረ ቫይረስ ኩባንያ መሥራቹ ጆን ማካፊ እ.ኤ.አ. በ2012 የቤሊዝ ፖሊስ ለጥያቄ ሲፈልገው ተሰውሮ ነበር። በዲሴምበር ወር አብረውት የነበሩ የመጽሔት ጋዜጠኞች ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ አወጡት። ፎቶው ውስጥ ግን የቦታው ቁጥር ነበረበት፤ ጓቴማላ መሆኑ በአደባባይ ታወቀ! በቀናት ውስጥም እዚያው ታሰረ። ኮምፒዩተርን አሳምሮ የሚያውቀውን ሰው ያጋለጠ ቁጥር እኔንና እናንተን ይምራል?

እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት። ይህ ቁጥር ገበያ ያመጣል ተብሎ በገንዘብ ይሸጣል፤ ገበያ አላመጣም። በነጻ የመጣ ጊዜ ግን የማይፈለግ ሰው በር ድረስ አመጣ።

ታዲያ ምን ይሻላል?

1. ሱቅ ያላችሁ፦ ጉግል ላይ ንግዳችሁን በነጻ አስመዝግቡ። ምልክቷን ራሳችሁ በጣታችሁ እየገፋችሁ በራችሁ ላይ ትከሏት። እውነተኛ መሆናችሁን ለማረጋገጥ መንገዱን፣ ሰሌዳውንና ውስጡን በቪዲዮ አሳዩ ልትባሉ ትችላላችሁ፤ ስለዚህ ሰሌዳ ስቀሉ።

2. ፎቶ አንሱ፤ ግን ለሰው ዓይን። ከመንገድ ማዶ ሆናችሁ በሩን፣ ሰሌዳውንና ጎረቤት ሕንፃውን አንድ ላይ አንሱ። ያን ፎቶ ያየ ደንበኛ «የት ነው?» ብሎ አይደውልም። ጂኦታግ ማለት ለኔ ይህ ነው!

3. አድራሻችሁ ላይ እንደምታወሩት ጻፉ፤ «ከእገሌ ሕንፃ ጀርባ፣ 2ኛ ፎቅ» በሉ። ስማችሁን ግን አታስረዝሙ። «ምርጡ ርካሹ ፀጉር ቤት ቦሌ» ብሎ ስም ማውጣት በጉግል ደንብ ክልክል ነው፤ ገጹን ያሳግዳል።

4. የረካ ደንበኛ አስተያየት እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። በቅናሽ ወይም በስጦታ መደለል ግን ክልክል ነው።

5. ቤታችሁ ውስጥ የምትሠሩ፣ በተለይ እናንተ እህቶቼ! ጉግል ላይ አድራሻን ደብቆ የምታደርሱበትን ሰፈር ብቻ ማሳየት ይቻላል። እሱን ተጠቀሙ።

6. አሁኑኑ ስልካችሁን አውጡ። አይፎን የያዘ «ሴቲንግ» ውስጥ ገብቶ የካሜራውን «ሎኬሽን» ይዝጋ። አንድሮይድ የያዘ ደግሞ ካሜራው ራሱ ውስጥ ባለው «ሴቲንግ» ይዝጋው። የድሮ ፎቶ «በፋይል» ላኩ ከተባላችሁ በፎቶነት ላኩ፤ እንቢ ካለ ስክሪንሾት አንስታችሁ ላኩ፤ ስክሪንሾት የቦታ ቁጥር አይዝም። ለዚህ የሚቀየም ደንበኛ ይቅርባችሁ።

የሰዓት ጠጋኙ ጋሼ ምልክት አሁን ከአዲሱ በራቸው ላይ ናት። የጀሞዋም ልጅ መጋገር ጀምራለች፤ ፎቶ የምታነሳው ግን ካሜራዋ ቦታ እንዳይጽፍ ዘግታ ነው። ሱቅ ይታወቅ፤ ቤት ይከበር። ሁለቱን የሚያምታታባችሁ ሰው ሲመጣ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት።