ኳኳታ ሁሉ ሊፍተር አይደለም

ይህን የጻፍኩት በተለይ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ሰበርባን፣ ታሆ ወይም ዩኮን እየነዳችሁ ቤተሰብ ለምታስተዳድሩ ወንድሞችና እህቶች ነው። መኪኖቹ ሰፊ ናቸው፣ ተሳፋሪ ይወዳቸዋል፣ ሻንጣም አይበዛባቸውም። ሞተራቸው ውስጥ ግን የስንቱን ኪስ ያራቆተች አውራ ጣት የምታህል ዕቃ አለች፤ ሊፍተር።

ስለዚህች ዕቃ ስናወራ ሁለት ዓይነት ሰው አያለሁ። አንዱ ኳኳታውን በሰማ ማግስት ሺዎች ዶላር ከፍሎ ሞተሩን ያስፈታል። ሌላው ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ መንዳቱን ይቀጥላል። ሁለቱም ይከስራሉ፤ ሁለቱም ሳይመረመር ወስነዋልና።

መጀመሪያ ሥራዋን እንወቅ። ካምሻፍቱ ሲዞር ሊፍተሩን ይገፋል፤ ሊፍተሩ ፑሽሮዱን፣ ፑሽሮዱ ሮከሩን፣ ሮከሩ ቫልቩን። ሊፍተሩ ውስጥ የሚገባው ዘይት በመካከላቸው ክፍተት እንዳይፈጠር ስለሚያደርግ ሞተሩ ድምፁን አጥፍቶ ይሠራል። በእነዚህ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሮች ላይ 16 ሊፍተሮች አሉ፤ ለእያንዳንዱ ቫልቭ አንድ።

የመኪኖቹ አምራች ጄኔራል ሞተርስ ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ነገሩን አወሳሰበው። ከ2007 ሞዴል ጀምሮ በ5.3 ሊትሩ ታሆና ሰበርባን ላይ፣ መኪናው ብዙ ጉልበት በማይፈልግበት ጊዜ ኮምፒውተሩ 1፣ 4፣ 6 እና 7 ቁጥር ሲሊንደሮችን ያሳርፋል። የእነዚህ አራት ሲሊንደሮች ሊፍተሮች በውስጣቸው የመቆለፊያ ፒን አላቸው። የዘይት ግፊት ፒኑን ሲገፋው ሊፍተሩ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፤ ካምሻፍቱ ይዞራል፣ ቫልቩ ግን አይከፈትም። ፒኑ ወደ ቦታው ሳይመለስ የቀረ ዕለት ያ ሲሊንደር ሥራ ፈቶ ይቀራል። ከ2021 ሞዴል ወዲህ ደግሞ በታሆና በሰበርባን የቤንዚን ሞተሮች ላይ 16ቱም ሊፍተሮች እንዲህ ዓይነት ሆነዋል። ኩባንያው ሲሊንደር የማሳረፍን ሐሳብ በ1981 በካዲላክ ሞክሮት፣ ብዙም ሳይቆይ ከአብዛኞቹ ሞዴሎች ላይ አንስቶት ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የማስበው ነገር አለ። የተቆጠበው ነዳጅ ለኩባንያው በመንግሥት የነዳጅ ፍጆታ መለኪያ ላይ ይመዘገብለታል። የጥገናው ወጪስ? ለግል ገዢ የሚሰጠው የሞተር ዋስትና 5 ዓመት ወይም 60 ሺህ ማይል ነው፤ ቀድሞ በሞላው ያበቃል። ቀን ከሌት የሚሠራ ሹፌር 60 ሺህን ለመጨረስ ብዙ አይፈጅበትም። ከዚያ በኋላ ያለው ሒሳብ የሹፌሩ ነው። ስለዚህ ማወቅ ያለብንም እኛው ነን።

ምርመራው እንዴት ይሁን? ከዘይቱ ይጀመር፤ መጠኑ፣ ዓይነቱ፣ ግፊቱ። ዘይት ያጣ ሞተር ሊፍተሩ ደህና ሆኖም ይጮኻል። ቀጥሎ ድምፁ ይደመጥ። ካምሻፍት የሚዞረው በሞተሩ ፍጥነት ግማሽ ስለሆነ፣ ሞተሩ በደቂቃ 600 ሲዞር የአንድ ሊፍተር ድምፅ በሴኮንድ አምስት ጊዜ ያህል ይመታል። ጠዋት በብርድ ጮኾ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ ግን ብዙ ጊዜ ከጭስ መውጫው ማኒፎልድ ነው፤ በእነዚህ ሞተሮች ላይ የማኒፎልዱ ብሎኖች በተለይ ከኋላ በኩል ያሉት መሰበር ልማዳቸው ነው። አንድ ወዳጄ «ሊፍተር ነው» ተብሎ ሞተሩ ሊፈታ ቀጠሮ ተይዞለት ሳለ፣ ሌላ መካኒክ ባትሪውን አብርቶ የተሰበረውን ብሎን አሳየው። ከ2015 ሞዴል ወዲህ ያሉት ደግሞ ኢንጀክተራቸው ራሱ ጤነኛ ሆኖ ይንጣጣል።

የሞተር መብራት ከበራ ኮዱ የሚነግረን የትኛው ሲሊንደር እንዳልሠራ ብቻ ነው፤ ምክንያቱን አይናገርም። ካንዴላውንና ኮይሉን ከሌላ ሲሊንደር ጋር ማቀያየር ያስፈልጋል። ችግሩ አብሮ ከሄደ የካንዴላው ወይም የኮይሉ ነው። ባለበት ከቀረ ኮምፕሬሽን ይለካ። ኮምፕሬሽኑ ወድቆ፣ ነገር ግን ከውጭ የተሞላው አየር ሳይሾልክ ከቆየ፣ ፒስተኑና ቫልቩ ደህና ናቸው፤ ቫልቩ ግን እየተከፈተ አይደለም። ያኔ የቫልቭ ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ በእጅ ሲዞር ከጎረቤቶቹ እኩል የማይነሳው ሮከር በዓይን ይታያል። በመጨረሻም የዘይት ፊልትሮው ተቆርጦ ይታይ፤ ብረት ካለበት ሊፍተሩ ካምሻፍቱን መብላት ጀምሮ ይሆናል።

እውነትም ሊፍተር ከሆነ በግማሽ አይሠራም። በዚህ ሞተር ሊፍተር ለማውጣት ቴስታታው መውረድ አለበት። የሥራው ጉልበት በአንድ ቴስታታ ሥር ካሉት አንድ ቢቀየርም ስምንቱ ቢቀየሩም ያው ስለሆነ፣ የተበላሸውን አንዱን ብቻ ቀይሮ መዝጋት ነገ ሌላው ሲሄድ ድጋሚ መክፈል ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው ይኼ ነው። በሁለቱም ወገን ያሉት 16ቱም ከነፕላስቲክ መያዣቸው ይቀየሩ፤ ዘይቱን ወደ ሊፍተሮቹ የሚያከፋፍለው ክፍልም አብሮ። የቴስታታው ብሎኖች ሲጠብቁ የሚሳቡ ስለሆኑ ዳግም አይታሰሩም፤ አዲስ ግዙ። የብሎን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ውኃ ወይም ዘይት ከቀረ ብሎኑ ሲጠብቅ ብሎኩን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ይጽዱ። ካምሻፍቱን በጥፍር ዳስሱት፤ ጭረት ካለው አዲሱን ሊፍተር ይበላዋልና አብሮ ይቀየር።

በገበያ የሚሸጠው፣ በመኪናው የኮምፒውተር መመርመሪያ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ሲሊንደር ማሳረፉን የሚከለክል መሣሪያም አለ። ያልተበላሸውን ሊጠብቅ ይችል ይሆናል፤ የተበላሸውን ግን አያድንም። ከሱ ይበልጥ የሚጠቅመው ዘይት በወቅቱ መቀየር ነው። ኤርፖርት ወረፋ ይዘን ሞተሩን ሳናጠፋ የምንቆይበት ሰዓት በማይል አይቆጠርም እንጂ ዘይቱን ያደክማል፤ ማይሉን ብቻ እያያችሁ አትጠብቁ።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ ይህን ነው። ሞተር ይፈታ ከመባሉ በፊት የኮምፕሬሽን ቁጥሩን፣ የማይነሳውን ሮከርና የተቆረጠውን ፊልትሮ ለማየት ጠይቁ። ጥሩ መካኒክ በዚህ አይቆጣም፤ እንዲያውም ደስ ብሎት ያሳያችኋል። የማያሳያችሁን አመስግናችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። ይህን ለሚጠቅመው ሰው አጋሩት።