ሦስት ስም የነበረው አንድ ቤተሰብ

በመልክ መፍረድ ሳይንቲስቶችንም ያሳስታል። በውቅያኖስ የሚገኙ ሦስት ዓይነት ዓሦች ለብዙ ዓመታት በሦስት የተለያዩ ቤተሰቦች ተመድበው ነበር። አንዱ ትንሽና ባለረጅም ጅራት፣ ሁለተኛው አፍንጫው ትልቅ፣ ሦስተኛው አፉ ሰፊ ነው። ትንሹ ከላይ፣ ትልልቆቹ ከ1,000 ሜትር በታች ስለሚኖሩ ዝምድናቸውን ማወቅ ቀላል አልነበረም። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ግን አካላቸውንና ከወላጅ የሚወረሰውን ዲኤንኤ አመሳክሮ አንድ ቤተሰብ መሆናቸውን አረጋገጠ። ባለጅራቱ ገና ያላደገ ልጅ፣ ባለአፍንጫው ወንዱ፣ አፈ ሰፊዋ ሴቷ ናት።

ዛሬ ዲኤንኤ ባርኮዲንግ የሚባል ዘዴ አለ። የሱቅ ዕቃ በባርኮዱ እንደሚለይ፣ እንስሳም በአንዲት አጭር የዲኤንኤ ክፍል ይለያል። ከጥልቅ ባሕር ሲወጣ አካሉ ቢበጣጠስ እንኳ ማንነቱ አይጠፋም።

እኔና ወንድሜ በመልክ አንገናኝም። እሱ በእናታችን ወጣ፤ እኔ በአባታችን። እዚህ ናይሮቢ «እውነት ወንድምሽ ነው?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው፤ እሱም ይከፋዋል። የዓሦቹን ታሪክ ስነግረው ሳቀና «ባለአፍንጫው እኔ ነኝ በይኛ!» አለኝ።

ወደፊት ባዮሎጂ መማር እፈልጋለሁ። ብዙ የጥልቅ ባሕር እንስሳት ገና ስም አልወጣላቸውም። ሲወጣላቸው ከዘመዶቻቸው እንዳይነጠሉ የበኩሌን ማድረግ እመኛለሁ።