የሚደናቀፈው አንባቢ



ልጃችሁ ሲያነብ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሲያነብ ማለቴ ነው፤ በቃሉ የያዘውን ሲወርደው አይደለም። እኔ ልዩነቱን ያወቅሁት የበኩር ልጄ አምስተኛ ክፍል ከደረሰ በኋላ ነው።

የአማርኛ መጽሐፉን ይዞ ፊቴ ሲቆም አንድም ቃል አይስትም ነበር። አንድ ምሽት ከመግሪብ ሶላት በኋላ ግን ጋዜጣ ሰጥቼ «እስቲ ይህን አንብብልኝ» አልኩት። ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ተተክሎ ቀረ። ቆይቶም ያየውን ሳይሆን የገመተውን ይናገር ጀመር። ተናደድሁ። «ሰነፍ! ታናሽ እህትህ ትሻላለች» ብዬ እህቱ ፊት በጥፊ መታሁት። አላህ ይቅር ይበለኝ።

በማግስቱ በመድረሳ የሚያስቀሩትን አዛውንት ኡስታዝ ሄጄ አማከርኋቸው። «ልጅህ ከዐምማ ጁዝእ ብዙውን ሱራ ሐፍዟል፤ ሙስሐፉን ከፍቼ ከመካከል ሳሳየው ግን ባን ከታ አይለይም። በጆሮው ነው የሚማረው። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አይሐፍዝም ነበር» አሉኝ። ቀጥለውም ቁርኣንን እየከበደውና እየተንተባተበ የሚቀራ ሰው ሁለት አጅር እንዳለው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መናገራቸውን፣ ሐዲሱንም እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊምም እንደዘገቡት አስታወሱኝና «አላህ እጥፍ በሚሰጥበት ነገር አንተ ጥፊ ትሰጣለህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

በመጀመሪያ ዓይኑንና ጆሮውን አስመረመርነው፤ ደህና ነው። ባለሙያዎች ዲስሌክሲያ የሚሉት የማንበብ ችግር መኖሩን፣ ከአእምሮ ማነስ ጋርም እንደማይገናኝ የተረዳሁት ያኔ ነው።

ቀጥሎ የፊደል ገበታውን አወጣሁ። 33ቱን ፊደላት ከነ7 ዝርያቸው፣ ማለትም 231ዱን፣ በዜማ ይወርዳቸዋል። ከመካከል ስጠቁመው ግን ይጠፋበታል። ከሁሉ ይልቅ የሚያደናግሩት ሳድስና ሳብዕ ነበሩ፤ እውነትም እነዚህ እንደ ካዕብና ሣልስ አንድ ወጥ ምልክት የላቸውም። እነርሱን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፈን በየምሽቱ አምስት አምስት ብቻ ያዝን። ከዚያ በአጭር ጽሑፍ መጀመሪያ እኔ አነባለሁ፤ ቀጥሎ አብረን፤ በመጨረሻ እርሱ ብቻውን። ከ15 ደቂቃ አናልፍም። ቃል ሲይዘው በሆዴ እስከ አምስት እቆጥርና ቃሉን እነግረዋለሁ፤ ቁጣ የለም።

የሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ማንበብ አሳፈረው። እናቱ መላ አገኘች፤ «ለእህትህ አንብብላት» አለችው። እንዲህ ሲሆን ተማሪ መሆኑ ቀርቶ ታላቅ ወንድም ሆነ። ኡስታዙም በበኩላቸው ሒፍዙን ገታ አድርገው ሐርፎቹን በሎሕ ላይ አንድ በአንድ አስጀመሩት።

ተአምር አልተፈጠረም። ዛሬ ሰባተኛ ክፍል ነው፤ አሁንም ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው። ባለፈው ረመዷን ግን ሙስሐፉን ከፍቶ፣ ፈጽሞ ካልሐፈዘው ሱራ አንድ ገጽ ቀራልኝ። ሰባት ቦታ ቆመ። ሰባቱንም ጊዜ ዝም ብዬ ጠበቅሁት፤ ሰባቱንም ጊዜ ራሱ ተነሣ።

ውድ ወላጆች! ዛሬ ማታ ለልጃችሁ አይቶት የማያውቀውን ገጽ ስጡት። ቢደናቀፍ እጃችሁን ሰብስቡ፤ አጠገቡም ተቀመጡ። አላህ (ሱ.ወ.) ለልጆቻችን ጠቃሚ ዕውቀትን፣ ለእኛም ሶብርን ይስጠን። አሚን።