የሳንቃዋ ዘር ማንዘር

ታንኳ ላይ ሸራ መስቀል ቀላል ነው፤ ጣጣው የሚመጣው ነፋሱ ከጎን ሲነፍስ ነው። የታንኳ ሆድ ለስላሳ ስለሆነ ውሃውን የሚቆነጥጥበት ነገር የለውም፤ አፍንጫዋ ወደ ፊት እያየ ሰውነቷ ወደ ጎን ይንሸራተታል። መላው ከጎኗ ወደ ውሃ የምትጠልቅ አንዲት ሳንቃ ናት። ወደ ፊት ሲሄዱ በጠባቡ ጠርዟ ሰንጥቃ ታልፋለች፤ ወደ ጎን ሲገፏት በሰፊው ፊቷ አሻፈረኝ ትላለች።

የምኖረው ሚኒሶታ ነው። የመኪናው ታርጋ ሳይቀር «10,000 ሐይቆች» እያለ በሚፎክርበት አገር ታንኳ የሌለው ሰው በግ እንደሌለው መንዜ ነው።

ሳንቃዋን ያወጣኋት ከአሮጌ ቁም ሣጥን በር ነው፤ ጥሩ ኮምፔርሳቶ ነበር። ጠርዙን በሞረድ አሹዬ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ ቫርኒሽ ደጋግሜ ቀባሁት። በተለይ በመጋዝ የተቆረጠው ጎን ቫርኒሽ ካልጠገበ ውሃ ይሰርግና ንጣፎቹ ይላቀቃሉ። ታንኳዋ ላይ ከተጋደመው እንጨት ጋር የሚያይዛት አንድ ወፍራም ቡሎን ነው። ዳዶው ልኩን ማወቅ አለበት፦ ሳንቃዋ እንዲሁ እንዳትነሳ ይያዛት፣ ድንጋይ ስትመታ ግን ወደ ኋላ እንድትታጠፍ ይልቀቃት። እዚሁ ተወልዶ ያደገው የእህቴ ልጅ አየኝና «ጋሼ፣ ቁም ሣጥኑ ምን አደረገህ?» አለ።

መልስ ሳጣ የሳንቃዋን ዘር መቁጠር ጀመርኩ። ለሰው ሰባት ቤት ይቆጠርለት የለ!

ሆላንዶች የኛ ናት ቢሉ አይፈረድባቸውም። ዙይደርዜ የሚሉት ባሕራቸው ጥልቀት ስላልነበረው ሆደ ጠፍጣፋ ጀልባ ሠሩ፤ በግራና በቀኝም ትልልቅ ሳንቃ አንጠለጠሉ። ነፋሱ በሚሸሽበት በኩል ያለችውን ያወርዳሉ፣ ሌላዋን ይሰቅላሉ። ባሕሩ እ.ኤ.አ. በ1932 በግድብ ቢዘጋም ጀልባዎቹ ዛሬም አሉ። ችግሩ፣ በ8ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ የቻይና የጦር መጽሐፍ በጎንና ጎናቸው ሳንቃ ስላላቸው መርከቦች ያወራል። እኔ አባት ፍለጋውን እዚህ ላይ ተውኩት፤ ጥልቀት የሌለው ውሃና የጎን ነፋስ በተገናኙበት ሁሉ ትወለዳለች ባይ ነኝ።

ከሁሉም የሚገርመኝ የደቡብ አሜሪካው ዘመዷ ነው። የኤኳዶርና የፔሩ ሰዎች በግንድ መደዳዎች መካከል ጓራ የሚባሉ ሳንቃዎችን ይሰኩ ነበር፤ አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ እያደረጉም ያለ መሪ ያሻቸው ቦታ ይደርሱ ነበር። ስፔናዊው ኡሎአ ከባልደረባው ጋር በ1748 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን ገልጾት ነበር። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ግን በ1947 ኮን-ቲኪ በተባለች የግንድ ታንኳ ከፔሩ ተነስቶ ለ101 ቀን ሲንሳፈፍ ሳንቃዎቹን ይዞ ሳለ ጥበባቸውን በቅጡ አልጨበጠውም ነበር፤ የገባው በ1953 ኤኳዶር ላይ ሲሞክራቸው ነው። ፓሲፊክን ያቋረጠ ሰው!

ይኸው ሄየርዳል በ1969 ራ የተባለችውን የደንገል ጀልባ ሲያሠራ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነው። ሠሪዎቹ ግን ቻዳውያን ነበሩ፤ ራም ባርቤዶስ ሳትደርስ ፈራረሰች። በቀጣዩ ዓመት የቦሊቪያ ሰዎች የሠሯት ራ ሁለት ደረሰች። የጣናው ታንኳ በበኩሉ በመቅዘፊያ የሚሄድ፣ ሸራ የማያውቅ ስለሆነ ሳንቃ ምን ይሠራለታል? ጣናን በደም ላዛምዳት ብዙ ደከምኩ፤ የተገኘው ግን በሄየርዳል በኩል የሚመጣ ቀጭን የጋብቻ ዝምድና ብቻ ነው።