ሕፃኑ ቂርቆስና ቸነፈሩ

የእኛ ክፍለ ከተማ ስሙን ያገኘው ከሦስት ዓመት ሕፃን ነው። መስቀል ፍላወር አካባቢ የምንኖር ሰዎች ይህን ብዙም አናስበውም። «ቂርቆስ» ሲባል ትዝ የሚለን ታክሲው፣ ወረዳው፣ መታወቂያ ለማሳደስ የተሰለፍንበት ወረፋ ነው። ሕፃኑ ቂርቆስ ግን ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር ሰማዕት የሆነ ቅዱስ ነው። ቃል ኪዳንም እንደተሰጠው ይታመናል፤ ቤተ ክርስቲያኑ በታነጸበት ቦታ ቸነፈር እንዳይገባ።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ ሲገኝ በግቢያችን በዕድሜ ትልቅ የሆኑት እማማ ይህንኑ ይሉን ነበር። «ቂርቆስ ባለበት አይገባም፣ አትፍሩ።» ይህን እያሉ ግን በሩ ላይ ባልዲና ሳሙና አስቀምጠው እጁን ያልታጠበ ሰው አያሳልፉም። ልጅ ነበርኩና ሁለቱ ነገር እንዴት አብሮ እንደሚሄድ ግራ ይገባኝ ነበር። በኋላ ሳነብ እንደተረዳሁት ከሆነ እማማ ብቻቸውን አይደሉም፤ ከ550 ዓመት በላይ አስቀድሞ አንድ ንጉሥም ቸነፈር ሲመጣበት ወደ ቂርቆስ ሮጧል።

ንጉሡ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት። ደብረ ብርሃንን ከተማቸው አድርገው ሳለ ቸነፈር ገባ። ግዕዙ «ብድብድ» ይለዋል። የሞተው ሰው ከመብዛቱ የተነሣ ቀባሪ እንደጠፋ ዜና መዋዕላቸው ይናገራል። ንጉሡም ደብረ ብርሃን ላይ ቤተ ቂርቆስ የተባለ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ሕመሙ ከዚያ ቦታ እንዲርቅ። ይህ ብድብድ አውሮፓን ካጠፋው በሽታ ጋር አንድ ነው አይደለም በሚለው ላይ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ስለ አውሮፓ ስንማር ታሪኩ ሁሉ የሌላ ዓለም ይመስለናል። ጥቁሩ ሞት እ.ኤ.አ. ከ1347 እስከ 1351 ሲሶውን ሕዝብ፣ እንደ አንዳንዶቹ ግምት እስከ ግማሹን ጨረሰ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ከ1337 እስከ 1453 ተዋጉ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1378 ተከፍላ በ1409 ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት በአንድ ጊዜ «እውነተኛው እኔ ነኝ» ይሉ ነበር። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ቁጥሩ አይደለም፤ ስትራስቡርግ ነች። በየካቲት 1349 የከተማዋ ሰዎች «ጉድጓዳችንን መርዘዋል» ብለው አይሁድ ጎረቤቶቻቸውን አቃጠሉ። በሽታው ገና ከተማዋ አልደረሰም ነበር! ወሬው ቀድሞ ደረሰ።

ታዲያ የእኛስ? በዚያው ዘመን እኛም ሦስቱን አጣምረን ይዘን ነበር። ጦርነቱ፦ በ1445 የአዳሉ ሡልጣን በድላይ ከዘርዓ ያዕቆብ ጋር ተዋግቶ ሞተ። በሽታውን አይተናል። የሃይማኖቱ ጉዳይ ግን ሰፋ ያለ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ጠቡ በቅዳሜ ጀመረ። አባ ኤዎስጣቴዎስና ተከታዮቻቸው ቅዳሜም እንደ እሑድ ሰንበት ሆኖ ይከበር አሉ፤ ከግብጽ የሚመጡት ጳጳሳት እምቢ አሉ። ኤዎስጣቴዎስ አገር ጥለው ሄደው በ1352 አርመን አገር ሞቱ። ተከታዮቻቸው ግን ገዳም በገዳም ላይ እየተከሉ በሰሜን ትልቅ ኃይል ሆኑ። አንድ መቶ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ በ1450 ዘርዓ ያዕቆብ ደብረ ምጥማቅ ላይ ጉባኤ ጠርተው ሁለቱም ሰንበት እንዲከበር ተወሰነ፤ የተለያየው ታረቀ። እሰይ ያሰኛል።

ችግሩ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። በዚያው ንጉሥ ዘመን የአባ እስጢፋኖስ ልጆች «ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው፣ ለንጉሥ አንሰግድም» በማለታቸው ተገረፉ፣ አፍንጫና ምላሳቸው ተቆረጠ፣ በድንጋይ ተወገሩ። አስታራቂውና ወጋሪው አንድ ሰው ነው። አውሮፓም እንዲሁ ናት። በኮንስታንስ የተሰበሰበው ጉባኤ በ1417 ሦስቱን ሊቃነ ጳጳሳት አስቀርቶ ክፍፍሉን ዘጋ፤ ያው ጉባኤ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ያን ሁስን በእሳት አቃጥሏል። እንደኔ እንደኔ ልዩነቱ የትምህርተ ሃይማኖት ብቻ አይደለም። ኤዎስጣቴዎሳውያን ብዙ ነበሩ፤ ብዙ ሰው ይታረቁታል። ጥቂት ሰው ሲሆን ግን ይወገራል።

የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝና ሌላም ነገር አየሁ። ዜና መዋዕሉ ብቻ ቢቀር ኖሮ ደቂቀ እስጢፋኖስን የምናውቃቸው በከሳሻቸው አፍ ነበር። እነሱ ግን የደረሰባቸውን ራሳቸው ጽፈው አቆዩት፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ ከግዕዝ ወደ አማርኛ መልሰው ለእኛ አደረሱት። ስለዚህ አሁን ሁለት ወገን አለን። ለዜና መዋዕሉም ቢሆን ፍትሕ ላድርግ፦ ንጉሡ የገዛ ልጆቻቸውን ጣዖት አምልከዋል በሚል ክስ እንዴት እንደቀጡ፣ የሞቱም እንዳሉ አልደበቀም። ያንን ለመጻፍ ድፍረት ይጠይቃል።

ይህን ሁሉ ከሩቅ የማላየው በራሴ ዕድሜ ስለደረሰ ነው። 2012 ላይ በሽታው፣ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ጦርነቱ። ከዚያ ጥር 14 ቀን 2015 ያለ ሲኖዶስ ዕውቅና ጳጳሳት ተሾሙ ተባለ። በማግሥቱ ጥር 15 የቂርቆስ ክብረ በዓል ነበር። ሰው ሁሉ ታቦት ሸኝቶ ሲመለስ የሚያወራው ስለ ሹመቱ ነው። በጾመ ነነዌ እማዬ ጥቁር ለበሰች። ከእሷ ጋር ዓመታት ቡና የተጣጡት ጎረቤታችን አልለበሱም፤ «በቋንቋችን እንማር ማለት ምን ነውር አለው?» አሉ። ሁለቱም የአንድ ደብር ልጆች ናቸው። ቡናው ቀረ።

የካቲት 8 ስምምነት ላይ ተደረሰ ተብሎ በቴሌቪዥን ተነገረ። የእኛ ግቢ ግን ያን ቀን አልታረቀም። ወራት ቆይቶ ከጎረቤት ሰው ሲሞት እድሩ ሁለቱንም ሽንኩርት ልጣጭ ላይ አስቀመጣቸው፤ ከዚያ ወዲህ ቡናው ቀጥሏል። ያንን ክረምትና በጋ ግን አያነሡትም።

ባለፈው ሴሚስተር የቃለ መጠይቅ አሳይመንት ሲሰጠን ሁለቱንም ለየብቻ አስቀምጬ ጠየቅኳቸው። እማዬ «ቡናውን ያቋረጠችው እሷ ናት፣ ስጠራት አልመጣችም» አለች። ጎረቤታችንም «እናትህ ናት እንጂ፣ መጥራቱን ተወችው» አሉኝ። መምህራችን ሁለቱን አጣርተህ አንዱን ጻፍ አሉ። እኔ ሁለቱንም ጻፍኳቸው፤ ድምፁም ስልኬ ላይ አለ።