ጋቢውን ራሱ ሲያመጣ

የዓመት መጽሔታችን አዘጋጆች «ስለ ወንድምሽ ጻፊልን» ሲሉኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ወንድሜን በዚህ ግቢ የማያውቀው ሰው የለም። ቤት ውስጥ አቡሽ እንለዋለን። ዕድሜው 9 ነው፤ ኦቲዝም አለበት። ደወል ሲደወል ሁለት ጆሮውን ይዞ የሚሮጠው ልጅ እሱ ነው። ብዙዎቻችሁ ከክፍሉ በር ኋላ የተሰቀለችውን ከባድ ከረጢት አይታችሁ «ይህቺ ደግሞ ምንድን ናት?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ስለዚህ በመጨረሻ እሺ አልኩ።

እናታችን ገዳሪፍ የሰብል ገበያ አጠገብ ቡና ትሸጣለች። አቡሽ ትንሽ ልጅ ሳለ ከእሷ ጋር ይውል ነበር። የሻጭና የገዢው ጩኸት፣ የሎሪዎቹ ጡሩምባ ሲበዛበት ይጠፋብናል። ስንፈልገው የምናገኘው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፤ በሰሊጥ ጆንያዎች መካከል ተሸጉጦ፣ ዐይኑን ከድኖ፣ ረጋ ብሎ። ተሸካሚዎቹ «ይታፈናል» ብለው ያወጡታል። ወዲያው ጩኸቱን ይቀጥላል።

ጎረቤት «ዐይነ ጥላ ነው» ይል ነበር። እናቴ ጸበል ወሰደችው። ቆይታም በገላባትና በመተማ በኩል ተሻግራ ጎንደር ሐኪም ዘንድ አደረሰችው። ኦቲዝም የሚለውን ቃል የሰማነው እዚያ ነው። ሐኪሙ ከልጅነት የሚጀምር የአእምሮ ዕድገት ልዩነት መሆኑን ነገራት። «በአንቺ ጥፋት የመጣ አይደለም» ሲላት እናቴ አለቀሰች።

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ ከተማችን በተፈናቃዮች ተሞላች። በግቢያችን ያለችውን ትርፍ ክፍል አንዲት ሱዳናዊት እናት ከልጆቻቸው ጋር ተከራዩ። ካርቱም ሳሉ ልዩ ፍላጎት ካላቸው ልጆች ጋር ይሠሩ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ዶክቶራ ይላቸዋል። አንድ ቀን አቡሽ ፍራሽ ሥር ገብቶ ተኝቶ ሲያዩት ሳቁና «ያ ቢንቲ፣ ይህ ልጅ መድኃኒቱን ራሱ አግኝቷል» አሉኝ። ያ ቢንቲ «ልጄ» ማለት ነው።

እንዲህ ብለው አስረዱኝ። ዝንብ ቆዳችን ላይ ስታርፍ ብንን እንላለን፤ ቀላል ንክኪ ያነቃል። እናት ልጇን አጥብቃ ስታዝለው ግን ያንቀላፋል። በጡንቻችንና በመገጣጠሚያችን ውስጥ ሰውነታችን የት እንዳለ የሚነግረን ስሜት አለ፤ ጠንከር ያለና የማይነቃነቅ ጫና ይህን ስሜት ያገኘዋል። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ድምፅ፣ ብርሃንና ንክኪ ከእኛ ይበልጥ ይከብዳቸዋል። እንዲህ ያለው ጫና ለአንዳንዶቹ እፎይታ ነው። ባለሙያዎች ጥልቅ ጫና ይሉታል። እኛም ስም ሳንሰጠው በአንቀልባ ስናዝልና በጋቢ ስንጠቀልል ኖረናል።

ዶክቶራ ስለ አንዲት አሜሪካዊትም አጫወቱኝ። ቴምፕል ግራንዲን ትባላለች፤ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው፤ ኦቲዝም አለባት። በወጣትነቷ አሪዞና ውስጥ አክስቷ ከብት በሚያረቡበት ቦታ ከብቶቹ ሲከተቡ ከሁለት ጎን የሚጫን መያዣ ውስጥ ሲገቡ ታያለች። አንዳንዶቹ እዚያ ውስጥ ሲረጋጉ አስተዋለች፤ እሷም ገባችበትና ጭንቀቷ ቀለል አላት። ኋላም ለራሷ የሚሆን መጫኛ ሠራች፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ ስለ ጥልቅ ጫና በሳይንስ መጽሔት ጻፈች። ኮሎራዶ ውስጥ የእንስሳት ሳይንስ ፕሮፌሰር ለመሆንም በቃች። ዶክቶራ አንድ ነገር ደጋግመው ነገሩኝ፤ መጫኛውን የምታጠብቀውና የምታላላው እሷ ራሷ ነበረች። ያን ጊዜ ለምን እንደሚደጋግሙት አልገባኝም።

ማታ ማታ አቡሽን በጋቢ ጠቅልዬ ትከሻውንና ክንዱን ቀስ እያልኩ መጫን ጀመርኩ። እሱም ለመደው፤ ጋቢውን ይዞ እየመጣ ጭኔ ላይ ይጥለዋል። እኔም ኩራት ተሰማኝ።

የፋሲካ ዕለት ቤታችን በእንግዳ ተሞላ። እልልታው ሲቀልጥ አቡሽ መጮህ ጀመረ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ጋቢውን አንስቼ ጠቀለልኩትና አጥብቄ ያዝኩት። ታገለኝ፤ እጄን ነከሰኝ። እኔ ግን ይበልጥ አጠበቅሁ፤ ለእንግዶቹም «አይዟችሁ፣ ሕክምናው ነው» አልኳቸው። ዶክቶራ ከበር ላይ ሆነው ዝቅ ባለ ድምፅ «ልቀቂው» አሉኝ። ስለቀው ሮጦ አልጋ ሥር ገባ። ከዚያ በኋላ 9 ቀን ሙሉ ጋቢ ሳነሳ ሲያየኝ ወደ እናቴ ይሸሽ ነበር።

ጋቢው ያው ጋቢ፣ እጄም ያው እጄ ነበር። ያን ዕለት ግን አቡሽ አልጠየቀኝም። እኔም የፈለግሁት እንግዶቹ ፊት ዝም እንዲልልኝ ነበር። ይህን ለማመን 9 ቀን ፈጀብኝ፤ ለመጻፍ ደግሞ ከዚያም በላይ።

ያኔ ነው ዶክቶራ አስቀምጠው ክፉውን ወሬ የነገሩኝ። እ.ኤ.አ. በ2008 ካናዳ፣ ኬቤክ ውስጥ ኦቲዝም ያለበት የ9 ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ በከባድ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሕይወቱ አልፏል። ልክ የአቡሽ እኩያ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሕግ አለ። ፊትና ራስ ፈጽሞ አይሸፈንም። ልጁ ራሱ አሽቀንጥሮ ሊጥለው የማይችል ክብደት አይጫንበትም። አዋቂ ሰው ከአጠገቡ አይለይም። የመተንፈስ ችግር ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ከሆነ አስቀድሞ ሐኪም ይጠየቃል። ልጁ «በቃ» ካለ፣ በቃል ባይሆን እንኳ በእጁ ገፋ ካደረገ፣ ያን ጊዜውኑ ይቆማል።

ነገሩ ኦቲዝምን ያድናል ብላችሁም እንዳትጠብቁ። እንግሊዝ አገር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት ኦቲዝም ያለባቸውን 67 ልጆች ተከታትሎ ነበር። በከባዱ ብርድ ልብስ የተኙት በተራው ብርድ ልብስ ከተኙበት ጊዜ የበለጠ አልተኙም። ሆኖም ልጆቹም ወላጆቻቸውም ከባዱን ወደውታል። አቡሽም ዛሬም ሌሊት ይነቃል። ሲመሽ ግን የሚያርፍበት ነገር አለው።

እናቴ እሱን ትምህርት ቤት ለማምጣት ለረጅም ጊዜ ፈርታ ነበር። ያደፋፈራት በስልክ ያየችው የዘሚ የኑስ ቃለ ምልልስ ነው። ዘሚ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቁመው፣ በ2021 እስካረፉ ድረስ ወላጆች ልጆቻቸውን እንዳይደብቁ ሲናገሩ ኖረዋል። እናቴ ስልኩን ዘግታ «በሚቀጥለው ሰኞ ይገባል» አለች።

የቀረው ችግር ሙቀቱ ነበር። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ገዳሪፍ ከ40 ዲግሪ በላይ ስትሆን ጋቢ የማይታሰብ ነው። እናቴ ከአሮጌ ጂንስ ሱሪ እግር ከረጢት ሰፋች፤ ታጥቦ በደረቀ ማሽላ ሞላችው። የገበያው ነጋዴ ሲመዝነው አንድ ኪሎ ተኩል ሆነ። በሩ ኋላ የምታዩአት እሷ ናት። የተሰቀለችው አቡሽ እጁ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ነው። ሲጨንቀው ራሱ ያወርዳታል፤ ጭኑ ላይ ያስቀምጣታል፤ ሲበቃው መልሶ ይሰቅላታል። መምህሩም ደወሉ ከመደወሉ በፊት ምልክት ይሰጡታል።

ውድ ተማሪዎችና ወላጆች፣ አቡሽ ሲጮህ ብታገኙት እባካችሁ አትያዙት። መንገዱን ልቀቁለት፤ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። እጃችሁን ከፈለገ ራሱ ይመጣል። በአሥረኛው ቀን ማታ ወደ እኔ የመጣው እንደዚያ ነው። ጋቢውን ከሳጥኑ ላይ ጎትቶ እግሬ ሥር ጣለው፤ ጀርባውንም ሰጥቶኝ ተቀመጠ። ትከሻው ላይ ጣል አደረግሁለትና እጄን ዘርግቼ ጠበቅሁት። እጄን ይዞ ክንዱ ላይ አኖረው።

ከረጢቷን ነቀዝ ስለገባባት በዚህ ክረምት ማሽላው ይቀየራል። ሌላ ልጅም እየተበደረ ሲጠቀምባት አይተናል፤ ስለዚህ አሮጌ ጂንስ ያላችሁ ብታመጡልን እናቴ ሁለተኛ ለመስፋት ተዘጋጅታለች።